ሚዛኑ እንዳያታልለን፦ ለቤት ውስጥ የቪዲዮ ቅንብር ሞኒተርና ስፒከር ስንመርጥ

በአሁኑ ጊዜ በአረካም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ያለ ቪዲዮ የሚያልፍ ሠርግ ማግኘት አዳጋች ሆኗል። የኒካሕ ዕለት፣ የልጆች ምርቃት፣ የመድረሳ ዓመታዊ መዝጊያ፣ የነሺዳና የመንዙማ ዝግጅት፣ በጎረቤቶቻችን ዘንድም የጊፋታ በዓል፣ ሁሉም ይቀረጻል። ይሁን እንጂ ካሜራው ሲዘጋ ሥራው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። የተቀረጸውን መርጦ፣ ቆርጦ፣ ቀለሙንና ድምፁን አስተካክሎ ለቤተሰቡ የሚያስረክብ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት፣ አለያም ልጆቿን እያሳደገች በቤቷ ሆና ገቢ ለማግኘት የምትጥር እህት ነው። የሥራ ቦታውም ከሳሎን ጥግ ወይም ከአንዲት ጠባብ ክፍል አያልፍም።

መምህራን በመሆናችን ከወላጆችና ከቀድሞ ተማሪዎቻችን ዘንድ «የትኛውን ካሜራ እንግዛ? የትኛው ኮምፒውተር ይሻላል?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን «የሠራሁትን በምን አየዋለሁ? በምንስ እሰማዋለሁ?» ብሎ የሚጠይቀን እምብዛም አያጋጥመንም። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው በዚሁ በተዘነጋው ጥያቄ ላይ ነው።

ሚዛን ከተዛባ

ሚዛኑ መዛባቱን የማያውቅ ነጋዴ ቀኑን ሙሉ በቅን ልቦና ሲመዝን ቢውልም፣ ከእጁ የሚወጣው ዕቃ ሁሉ የተሳሳተ ነው። የቪዲዮ አቀናባሪ ሞኒተርና ስፒከርም እንዲሁ ሚዛን ናቸው። ሞኒተሩ ሰማያዊ የሚያበዛ ከሆነ፣ አቀናባሪው ምስሉ የቀዘቀዘ ስለሚመስለው ቢጫና ቀይ ይጨምርበታል። ቪዲዮው በሙሽራዋ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት ፊቷ እርድ የተቀባ ይመስላል። ሞኒተሩ ከመጠን በላይ ብርሃን የሚሰጥ ከሆነ አቀናባሪው ምስሉን ያጨልመዋል፤ በዚህም ሙሽራው ከጥቁር ሱፉ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል። ስፒከሩ ወፍራሙን ድምፅ የሚያጎላ ከሆነ አቀናባሪው ወፍራሙን ይቀንሳል፤ የሽማግሌው ምርቃት ከቆርቆሮ ውስጥ የወጣ ያህል ይቀጥናል። በተቃራኒው ስፒከሩ ወፍራም ድምፅ የማያወጣ ከሆነ ይጨምርበታል፤ በሌላ ሰው ቤት ሲሰማ ድቤው ዱዓውን ይውጠዋል።

እንግዲህ ስሕተቱ ሁልጊዜ ተገልብጦ እንደሚወጣ ልብ ይሏል። ሠርግ ደግሞ ተመልሶ አይቀረጽም። በመሆኑም ለቅንብር በሚገዛ ዕቃ ላይ የምንፈልገው የሚያስደስት ምስልና ድምፅ ሳይሆን እውነተኛውን ነው።

ስለ ሞኒተር

በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚበሩ ቴሌቪዥኖች የገዢን ዓይን እንዲስቡ ቀለማቸውና ብርሃናቸው ተጋኖ የተስተካከለ ነው። በሱቅ ውስጥ በጣም ያማረው ለእኛ ሥራ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። መመዘኛችን ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1990 ለከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን «ሬክ 709» የተባለ ደንብ አጽድቋል። ለኮምፒውተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 «ኤስአርጂቢ» የተባለው መለኪያ ወጣ። ሁለቱም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን የሚወስኑት በአንድ ዓይነት ልክ ነው፤ ነጩም በሁለቱም ዘንድ በ6500 ኬልቪን አካባቢ ነው። ስለዚህ የሞኒተሩ መግለጫ ከኤስአርጂቢ ቀለም 95 በመቶና ከዚያ በላይ እንደሚያሳይ ከተናገረ ለሠርግ ሥራ ይበቃል።

የመስታወቱ ዓይነትም መታየት አለበት። «ቲኤን» የሚባለው ርካሹ ዓይነት ከላይ ወይም ከታች ሲያዩት ቀለሙ ይለወጣል። «ቪኤ» ጥቁሩ የጠለቀ ቢሆንም ከጎን ሲታይ ጥላው ይሳሳል። «አይፒኤስ» ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታይ ቀለሙ ብዙ ስለማይለወጥ ለቅንብር የሚመረጠው እርሱ ነው። ይህንን በሱቅ ውስጥ መፈተን ቀላል ነው፤ ቆመን፣ ተቀምጠን፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለን አንዱን ፊት ደጋግመን ማየት ነው። ስፋቱን በተመለከተ ባለ 24 ኢንች ሆኖ 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ለጀማሪ በቂ ነው። «ፎር ኬ» የሚባለው ጥሩ ቢሆንም፣ አብዛኛው ቤተሰብ ሠርጉን የሚያየው በስልክና በሳሎን ቴሌቪዥን እንደመሆኑ፣ ቀለሙ የተዛባ ፎር ኬ ከመግዛት ቀለሙ ትክክል የሆነ ተራ ሞኒተር መግዛት ይበልጣል።

ብዙዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት በላፕቶፑ ስክሪን ነው። ርካሽ ላፕቶፖች ግን ብዙውን ጊዜ ከኤስአርጂቢ ቀለም 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚያሳዩት። ለዚህ የወላይታው ዱንጉዛ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ተሰልፈው የሚታዩበት ይህ የአገር ልብስ በእንዲህ ዓይነት ስክሪን ላይ ሲታይ ቀዩ ደብዝዞ የሸክላ ቀለም ይይዛል። አቀናባሪው ይህን አይቶ ቀይ ይጨምራል። ሙሉ ቀለም በሚያሳይ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት ግን ቀዩ እጅግ ገንኖ የሽመናው መስመር እንኳ አይለይም።

የቆዳ ቀለም ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ የራሱ ታሪክም አለው። የኮዳክ ኩባንያ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች በሚያሠራጨው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ የነበረው የነጭ ሴት ምስል ነበር። ካርዱ «ሸርሊ» ተብሎ ይጠራ ነበር። ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን በእርሷ ፊት ልክ ስለሚያስተካክሉ የጥቁር ሰዎች ፊት ዝርዝሩ ጠፍቶ ይወጣ ነበር። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች የሚታዩበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ማመሳከሪያችን ራሳችንን የሚመስል መሆን አለበት። አንድ የቤተሰብ አባል ፈቅዶ ነጭ ነጠላ ለብሶ፣ ዱንጉዛ በእጁ ይዞ፣ ጧት ከጥላ ሥር በቀን ብርሃን ይቀረጽ። ሰውየውና ልብሱ በቤት ውስጥ ስላሉ ምስሉን ከእውነተኛው ጋር ማስተያየት ይቻላል። ያን ምስል አስቀምጦ ሥራ ከመጀመር በፊት ማየት፣ ዓይን በድካም መንገድ ሲስት ወደ ልክ ይመልሰዋል።

የሞኒተርን ቀለም በትክክል የሚለካ «ካሊብሬተር» የሚባል ትንሽ መሣሪያም አለ። በስክሪኑ ላይ ይቀመጥና የሚወጣውን ብርሃን ለክቶ ስሕተቱን ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ዋጋው ለአንድ ጀማሪ የሚከብድ ቢሆንም የሚፈለገው በወር አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ነው። እንግዲያውስ በአረካና በሶዶ ያሉ አምስት ስድስት አቀናባሪዎች እንደ ዕቁብ አዋጥተው አንድ ገዝተው በየተራ ቢጠቀሙበት ምን ይከለክላቸዋል? መሣሪያው እስኪገኝ ድረስ ግን በሞኒተሩ ማስተካከያ ውስጥ «ኤስአርጂቢ» የሚለውን መርጦ፣ ቀለም አጉልቶ የሚያሳየውን ምርጫ ማጥፋት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ክፍሉም የመሣሪያው አካል ነው

እውነተኛ ሞኒተር በተሳሳተ ክፍል ውስጥ ይዋሻል። በአካባቢያችን ቤቶች ውስጥ ደማቅ አረንጓዴና ሰማያዊ ግድግዳ የተለመደ ነው። ዓይን ይህን ቀለም ሲለምደው በስክሪኑ ላይ ተቃራኒውን ያያል። ከሞኒተሩ ጀርባ ያለውን አንድ ግድግዳ ብቻ እንኳ ፈዘዝ ያለ ግራጫ መቀባት ወይም በግራጫ ጨርቅ መሸፈን ወጪው ትንሽ ነው። መስኮት ከሞኒተሩ ፊት ለፊትም ከኋላውም ሳይሆን በጎን ይሁን፤ ወፍራም መጋረጃም ይኑረው። ማታ ሲሠራ ክፍሉን ጨርሶ ማጨለም ዓይን ያደክማል፤ ከሞኒተሩ ጀርባ 6500 ኬልቪን የተጻፈበት ነጭ አምፖል ደብዘዝ አድርጎ ማብራት ይመረጣል። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የሞኒተሩ ብርሃን በካሬ ሜትር 100 ካንዴላ አካባቢ ቢሆን በቂ ነው። አብዛኞቹ ሞኒተሮች ከካርቶን ሲወጡ ከዚህ እጥፍ በላይ ያበራሉ፤ ስለዚህ ብርሃኑን ቀነስ ማድረግ ይገባል።

ስለ ድምፅ

ተመልካች የደበዘዘ ምስልን ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገሥም። ይህም ሆኖ አብዛኛው ጀማሪ ለድምፅ የሚመድበው ገንዘብ የለውም። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ለሙዚቃ ማድመጫ የሚሸጡ ስፒከሮች ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ አሳምረው እንዲያሰሙ የተሠሩ መሆናቸው ነው። ለስቱዲዮ የሚሠሩት ግን ያለውን እንዳለ እንዲያሰሙ ይጠበቅባቸዋል። በዓለም ስቱዲዮዎች ስሙ የገነነው የያማሃ ኩባንያ «ኤንኤስ 10» ስፒከር እ.ኤ.አ. በ1978 ለቤት ማድመጫ ተብሎ ሲወጣ ብዙም አልተወደደም ነበር። የድምፅ ባለሙያዎች ግን የቅንብርን ጉድለት ሳይሸፍን ስለሚያጋልጥ ያዙት፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ምርቱ እስኪቆም ድረስም በየስቱዲዮው ጠረጴዛ ላይ ቆየ። ስፒከር ስንመርጥ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

በጠባብ ክፍል ውስጥ ትልቅ ስፒከር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የ50 ሄርዝ ወፍራም ድምፅ አንዱ ሞገድ 7 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 3 በ4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላተመ አንድ ቦታ ላይ ይገንናል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጠፋል። ስለሆነም ማጉያው በውስጡ ያለ ባለ 5 ኢንች ጥንድ ስፒከር ይበቃል። ጥግ ላይ አይቀመጥ፤ ከኋላው ግድግዳም ፈቀቅ ይበል። ሁለቱ ስፒከሮችና የአድማጩ ራስ ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍልም በጆሮ ትክክል ይሁን። ለግድግዳው ውድ ስፖንጅ መግዛት አያስፈልግም። ወፍራም ምንጣፍ፣ በግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ብርድ ልብስ፣ በጎን የቆመ ፍራሽ፣ መጻሕፍት የሞሉበት መደርደሪያ የድምፅን ነጸብራቅ ይቀንሳሉ።

ይሁንና በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው የክረምትን ዝናብ ያውቀዋል። በልግና ክረምት በሚፈራረቁበት በእኛ አካባቢ ዝናብ በመጣ ቁጥር ስፒከር ዋጋ የለውም። የባጃጁና የወፍጮ ቤቱ ድምፅ፣ የተኛ ሕፃንም አለ። በዚህ ምክንያት ለቤት ውስጥ አቀናባሪ መጀመሪያ መገዛት ያለበት ስፒከር ሳይሆን ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን፣ ጀርባው የተዘጋ ጥሩ ሄድፎን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሚሠራው የሶኒ «ኤምዲአር 7506» በብዙ የዓለም ስቱዲዮዎች ውስጥ የሚገኝ ነው፤ የቤየርዳይናሚክ «ዲቲ 770»ም የታወቀ ነው። ስንገዛ «ኦም» የሚለውን ቁጥር እናንብብ። ባለ 250 ኦም የሆነው ራሱን የቻለ ማጉያ ይፈልጋል፤ በላፕቶፕ ቀዳዳ በቀጥታ ለሚሠካ ከ32 እስከ 80 ያለው ይስማማል።

ብሉቱዝ የሆነ ማዳመጫ ግን ለቅንብር አይሆንም። ድምፁ እንደ ዓይነቱ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። በሰከንድ 25 ምስል በሚያልፍበት ቪዲዮ አንዱ ምስል 40 ሚሊ ሰከንድ ስለሚቆይ፣ የ200 መዘግየት አምስት ምስል ያህል ነው። የተናጋሪው ከንፈርና ድምፅ መግጠም አለመግጠሙን በእንዲህ ያለ ዕቃ መለየት አይቻልም።

የድምፁ ከፍታም ራሱን የቻለ ሚዛን ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ድምፅ ሲቀንስ ወፍራሙን፣ በመጠኑም ቀጭኑን አሳንሶ ይሰማል። ዛሬ ከፍ አድርጎ ነገ ዝቅ አድርጎ የሚሠራ ሰው ሥራው የተለያየ ይሆናል። ስለዚህ አንድ መካከለኛ ከፍታ መርጦ፣ በመክፈቻው ላይ ምልክት አድርጎ በዚያው መሥራት ይገባል። ለጤናም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ የ80 ዴሲቤል ድምፅን እንደ ወሰን ያስቀምጣል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ሲሆን 20 ሰዓት ብቻ ነው። የሠርግ ወቅት ሲመጣ ሌሊቱን በሄድፎን የሚያሳልፉ ወጣቶች ይህን ሊያስቡበት ይገባል። ጆሮ አንዴ ከተጎዳ መለዋወጫ የለውም።

መብራትና ገመድ

የአገራችን መስመር 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ስፒከር ለ110 ወይም ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ከመሰካታችን በፊት ከጀርባው የተጻፈውን እናንብብ። መብራት ሲሄድና ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ሞኒተርንም ሃርድ ዲስክንም ይጎዳል፤ በመሆኑም ማረጋጊያና ዩፒኤስ የግድ ናቸው። ዩፒኤሱን ሥራ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት እንጂ ሌሊቱን ለመሥራት አንግዛው። በስፒከሩ ውስጥ ዝቅ ያለ «እምም» የሚል ድምፅ ከተሰማ ብዙውን ጊዜ የ50 ሄርዝ የመብራት ድምፅ ነው። ኮምፒውተሩንና ስፒከሩን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ የድምፁን ገመድ ከመብራቱ ገመድ ማራቅ፣ መሣሪያዎቹ ሲፈቅዱም «ባላንስድ» የሚባለውን ገመድ መጠቀም ያቃልለዋል።

ገንዘቡን በቅደም ተከተል

ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይህን ተከትሎ ስለተወደደ ዋጋ ከመጥቀስ ቅደም ተከተሉን ብንናገር ይሻላል። አንደኛ ሄድፎን፤ ሁለተኛ ባለ አይፒኤስ ሞኒተር፤ ሦስተኛ ዩፒኤስ፤ አራተኛ መጋረጃና የግድግዳ ቀለም፤ አምስተኛ በጋራ የሚገዛ ካሊብሬተር፤ ስፒከር የመጨረሻው ነው። ገቢው ሲደረጅ ተራው ይደርሳል።

ያገለገለ ሞኒተር የሚገዛ ሰውም መጥፎ አላደረገም፤ ፈትኖ ከሆነ። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መርካቶ የሚሄድ ሰው በፍላሽ ይዞ መሄድ ያለበት ነገር አለ። ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ አምስት ምስሎችን ይያዝ፤ የሞተ ነጥብና የተበላሸ ጥግ በእነርሱ ላይ ይታያል። ከላይ የጠቀስነውን የቤተሰብ ማመሳከሪያ ምስልና በደንብ የሚያውቀውን ሰው ንግግርም ይጨምር። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው መሥራቱን ይመልከት፤ ቪጂኤ ብቻ ያለውን ይተወው። ደረሰኝ መቀበልንና የሚመለስበትን ቀን መስማማትንም አይርሳ።

አማናው

በዚህ ሥራ ውስጥ ከቀለምና ከድምፅ የማይተናነስ አንድ ጉዳይ አለ። የሠርግ ቤተሰብ ለአቀናባሪው የሚሰጠው የቤቱን ገመና ነው። የሴቶች ክፍል የተቀረጸበት ፋይል በሳሎን ውስጥ ለገቢው ለወጪው ሁሉ ክፍት ሆኖ መታየት የለበትም። ስለዚህ ሞኒተሩን ስናስቀምጥ ፊቱ ወደ በርም ሆነ ወደ ጎረቤት መስኮት አይዙር፤ ከጎን የሚመጣን ዓይን የሚከልል መጋረጃም ይኑረው። በማይክሮፎን ሳይታወቅ የገባ የቤተሰብ ወሬ በስፒከር ለግቢው ሁሉ እንዳይሰማም መጀመሪያ በሄድፎን ይደመጥ። የሴቶችን ክፍል ሥራ ለእህቶች መስጠት የሚመርጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ በቤቷ የምትሠራ እህት እንጀራዋን ከምታገኝባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ነው።

ሥራው ሲያልቅ አንድ የመጨረሻ ፈተና ይቀራል። ቪዲዮውን በተራ ስልክ ስፒከር ከፍቶ ንግግሩ ቃል በቃል መሰማቱን፣ ከዚያም በሌላ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ፊቶቹን ማየት። ልዩነት ከተገኘ፣ ተመሳሳዩ ልዩነት በሁለትና በሦስት ቴሌቪዥኖች ላይ መኖሩን ሳያረጋግጡ ሥራውን አይለውጡ፤ የተዛባው የዚያ ቤት ቴሌቪዥን ሊሆን ይችላልና። በሁሉም ላይ ከታየ ግን የሚስተካከለው የእኛ ሞኒተር ነው። ወላጆችም ለልጃቸው የተሻለ ካሜራ ለመግዛት ከማሰባቸው በፊት፣ አንድ ምሽት ከጎኑ ተቀምጠው የሚሠራበትን ስክሪን ይመልከቱ፤ ሄድፎኑንም በጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጡ።